በእጃችን ካሉት ኬሚካሎች አደገኛው የትኛው ነው? ከአንድ ጥያቄ እስከ 21ኛው መልስ

የመክፈቻው ጽሑፍ

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም ተከታታይ የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈተው ሰው ጥያቄውን ያቀረበው በአቤቱታ መልክ ነው። ብረት ከዝገት ለማጽዳት የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ ሊገዛ ሄዶ ያለ ፈቃድ እንደማይሸጥለት ተነግሮት መመለሱን፣ በዚያው ዕለት ግን የቱቦ መክፈቻ ኮስቲክ ሶዳ፣ በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ነጭ ጋዝና ሁለት ፓኬት የራስ ምታት ክኒን ማንም ምንም ሳይጠይቀው ገዝቶ መግባቱን ይተርካል። ከዚያም ከአስፈሪው ወደ ቀላሉ የሚወርድ የራሱን ዝርዝር አስቀምጧል። ሰልፈሪክ አሲድ አንደኛ፣ የሙቀት መለኪያ ሜርኩሪ ሁለተኛ፣ በረኪና ሦስተኛ፣ የነፍሳት ማጥፊያ አራተኛ፣ ነጭ ጋዝ አምስተኛ ሆነው ተደርድረዋል፤ ኮስቲክ ሶዳ መጨረሻ ላይ ተጥሏል፤ የራስ ምታቱ ክኒንና የመኪና አንቲፍሪዝ (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግን ጭራሹኑ አልገቡም።

ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ደረጃው ትክክል ነው ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በቀላሉ የሚገኘው ነገር አደጋው አነስተኛ የሆነው መሆን ሲገባው ለምን እንዲህ አልሆነም የሚል ነው። ጠያቂው በዚህ ሳያበቃ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ኬሚስትሪ አያውቁም የሚል አረፍተ ነገር ጨምሯል፤ ኋላ ላይ ክሩን ያሞቀውም ይኸው ጭማሪ ነው። ዝርዝሩ ስህተት የበዛበት ቢሆንም ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አብዛኞቻችን ኬሚካልን የምንፈራው በጠረኑና በስሙ መሆኑን በግልጽ ያሳያልና።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ጀምሮ ጥያቄው ሊመለስ የሚችለው መጠን ሲታወቅ ብቻ ነው ይላል። ለዚህም የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም ፓራሴልሰስ በ1538 የጻፈውን፣ ማለትም ሁሉም ነገር መርዝ እንደሆነና መርዝነቱን የሚለየው መጠኑ ብቻ እንደሆነ የሚገልጸውን ሐሳብ ይጠቅሳል። ንጹሕ ውሃ እንኳ በአጭር ጊዜ ከልክ በላይ ሲጠጣ የደምን ሶዲየም አቅጥኖ አንጎልን እንደሚያሳብጥ በምሳሌነት አንስቷል። ትክክል ነው፤ ግን በእንዲህ ያለ ውይይት ሁሉ መጀመሪያ የሚነሳ ሐሳብ ስለሆነ ብዙ አያራምድም።

መልስ 2 እና 3

ሁለተኛው ተሳታፊ መጠንን በቁጥር ላስቀምጥላችሁ ብሎ ሠንጠረዥ ይዞ መጥቷል። መለኪያው ከ1927 ጀምሮ በመርዝ ጥናት ውስጥ የሚሠራበት፣ ከተሰጣቸው እንስሳት ግማሾቹን የሚገድለው መጠን ነው። ለአይጥ በአፍ ሲሰጥ በየኪሎ ክብደቷ የገበታ ጨው ወደ 3000 ሚሊ ግራም፣ ካፌይን ወደ 200፣ ፓራሲታሞል (የራስ ምታት ክኒኑ) ወደ 2000፣ ኤታኖል (የመጠጥ አልኮል) ወደ 7000፣ ሌላው የአልኮል ዓይነት ሜታኖል ደግሞ ወደ 5600 ሚሊ ግራም መሆኑን ይዘረዝራል። ከዚህ ተነስቶ የጠያቂው ዝርዝር በስሜት የተሠራ ስለሆነ ተጥሎ በዚህ ይተካ፣ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ላይኛው ደረጃ ይያዝ፣ ነገሩም በዚህ ይለቅ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሦስተኛው መላሽ አመስግኖ ሠንጠረዡን እንደገለበጠው ተናግሯል። ባይቸኩል ይሻለው ነበር።

መልስ 4

ከክሩ ሁሉ በላጩ ይህ ነው። ጸሐፊዋ በሆስፒታል የመርዝ ሕክምና ላይ እንደምትሠራ ትገልጻለች፤ አነጋገሯም ይህንኑ ያሳብቃል። የሠንጠረዡ ቁጥሮች በራሳቸው ስህተት እንዳልሆኑ ከተቀበለች በኋላ፣ ስህተቱ አይጥን እንደ ትንሽ ሰው መቁጠሩ ላይ እንደሆነ በሁለት ማስረጃ ታስረዳለች።

አንደኛው ሜታኖል ነው። በሠንጠረዡ መሠረት ሜታኖልና ኤታኖል እህትማማች ይመስላሉ፤ በሰው አካል ውስጥ ግን አይገናኙም። ሜታኖል በጉበት ውስጥ መጀመሪያ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል። አይጥ ይህን አሲድ በፍጥነት ሰባብራ ስታስወግድ፣ የሰው ጉበት ግን ሥራውን የሚያከናውነው በዝግታ ስለሆነ አሲዱ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። ሰውየው ከጠጣ በኋላ ለብዙ ሰዓት ተራ ስካር እንጂ ሌላ ነገር የተሰማው አይመስለውም፤ እይታው የሚደበዝዘው ዘግይቶ፣ ብዙውን ጊዜም በማግስቱ ነው። ሕክምናው ፎሜፒዞል የተባለው መድኃኒት ወይም፣ እሱ ከሌለ፣ በሐኪም ቁጥጥር የሚሰጥ ኤታኖል መሆኑ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ሳይሆን አልቀረም፤ ምክንያቱን ስታብራራ ሁለቱም አልኮሎች የሚሰባበሩት በአንድ ኤንዛይም ስለሆነ፣ ኤንዛይሙ በኤታኖል ሲጠመድ ሜታኖሉ ሳይለወጥ ከሰውነት የሚወጣበት ጊዜ ያገኛል ትላለች። በ2020 የእጅ ማጽጃ ፍላጎት በናረበት ወቅት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሜታኖል የተገኘባቸውን የእጅ ማጽጃዎች እያስጠነቀቀ ከገበያ እንዲሰበሰቡ ማድረጉን አስታውሳለች፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው አልኮል የሚል ነበር፤ ሽታውም ቢሆን ብዙ የሚያስታውቅ አይደለም።

ሁለተኛው ፓራሲታሞል ነው። የአይጧን ቁጥር የሚያምን ሰው ፓራሲታሞልን ከገበታ ጨው ብዙም የማይለይ አድርጎ ይወስደዋል፤ በሰው ዘንድ ግን ለአዋቂ የተፈቀደው ጣሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ 4 ግራም ሲሆን፣ በአሜሪካና በብሪታንያ ለድንገተኛ የጉበት መድከም ቀዳሚ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ክኒን ነው። ከልክ በላይ የወሰደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከማቅለሽለሽ ያለፈ ነገር ላይሰማው ይችላል፤ የጉበቱ ጉዳት ጎልቶ የሚወጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻ መድኃኒቱ አሴቲልሲስቲን በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ስለሆነ፣ ደህና ነኝ ብሎ ቤት መቀመጥ ያንን ጊዜ ይበላል። አብዛኞቹ ጉዳቶች ባለማወቅ የሚመጡ እንደሆኑ እንዳይረሳ ስትል፣ የጉንፋን መድኃኒትና የራስ ምታት ክኒን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው በሁለቱም ውስጥ ፓራሲታሞል መኖሩን አያይም ብላ ጨርሳለች። ጠያቂው ይህን ክኒን በዝርዝሩ ውስጥ አለማስገባቱን የነካችው በአንዲት ለስላሳ ሐረግ ብቻ ነው።

መልስ 5 እና 6

ሠንጠረዡን ያመጣው ተሳታፊ ቅር እንዳለው ያስታውቃል። አይጥም ካልሆነች ታዲያ በምን እንለካ ሲል ይጠይቃል፤ ጥያቄው ከቅሬታው የተሻለ ነው። ስድስተኛው መላሽ፣ የኬሚስትሪ መምህር ይመስለኛል፣ መልሱን በሌላ አቅጣጫ አዙሮታል። እሱ እንደሚለው የመጠን መለኪያ የሚሠራው ወደ ደም ገብቶ ለሚጎዳ ነገር ነው፤ የነካውን ቦታ በሚበላ ነገር ላይ ግን ወሳኞቹ የውህዱ ጥንካሬ፣ የነካው አካልና የቆየበት ጊዜ ናቸው። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በ3 ከመቶ ቁስል ሲጠርጉበት የኖረ ፈሳሽ ሲሆን፣ በ35 ከመቶ ግን ቆዳን አንጥቶ ያቃጥላል። አሴቲክ አሲድም እንዲሁ ነው፤ በ5 ከመቶ ኮምጣጤ፣ በ80 ከመቶ ግን የምግብ ቧንቧን የሚበሳ አሲድ ነው። ስለዚህ በዝርዝር ውስጥ ስም ብቻ ጽፎ ጥንካሬውን አለመጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ይቆጠራል።

ከዚህ በኋላ ኮስቲክ ሶዳን ከዝርዝሩ ጭራ አንስቶ ወደ ላይ ያወጣዋል። አሲድ የአካልን ፕሮቲን ሲያረጋው የረጋው ሽፋን በተወሰነ ደረጃ አሲዱን ራሱን ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያግደዋል፤ እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ፣ የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ጠንካራ አልካሊ ግን ስቡን ወደ ሳሙና እየለወጠ፣ ሥጋውን እያሟሟ፣ መንገድ እየከፈተ ይገባል። ዓይን ላይ ሲፈናጠቅ ልዩነቱ እይታን ማትረፍና ማጣት ሊሆን ስለሚችል፣ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብና እያጠቡም ቢሆን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። በአሲድ ላይ አልካሊ፣ በአልካሊ ላይ አሲድ አፍስሶ ለማርከስ መሞከር ሙቀት ስለሚፈጥር ቁስሉን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ለጠያቂው የተለየ ማስጠንቀቂያም አለው። አንዳንድ የዝገት ማስለቀቂያዎች ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይዘዋል፤ ይህ አሲድ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ደካማ ተብሎ ቢመደብም ቆዳን አልፎ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ስለሚይዝ ልብን እስከማወክ ይደርሳል፤ የቀጠነ ሲሆን ደግሞ ሕመሙ ዘግይቶ ሊጀምር ይችላል። የተከለከለውን ሰልፈሪክ አሲድ ያጣ ሰው በምትኩ ይህን አንስቶ ወደ ቤቱ እንዳይገባ ይመክራል። ይህች አንቀጽ ብዙም ሳትስተዋል ማለፏ ያሳዝነኛል።

መልስ 7

አጭር ገጠመኝ ነው። ጸሐፊው የታፈነ ቱቦ ለመክፈት የኮስቲክ ሶዳውን እንክብሎች ባልዲ ውስጥ ጨምሮ ቶሎ እንዲሟሟ ብሎ የፈላ ውሃ ከላይ ለቀቀበት። ውሃው እንደነካው ተንተክትኮ ተነሳ፤ እንፋሎቱ ጉሮሮውን ያዘው፤ ጥቂት ጠብታዎችም ክንዱ ላይ አረፉ። መጀመሪያ የተሰማው ሕመም አልነበረም፤ እጁን ሳሙና የቀባው ይመስል አሟለጨው። ይህ ማሟለጭ የገዛ ቆዳው ስብ ወደ ሳሙና ሲለወጥ እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው፤ በዚህ መሐል ሥራውን ጨርሶ እጁን ለመታጠብ ስለቆየ ጠባሳው እስካሁን አለ። ሁልጊዜ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር እንጂ ውሃን በሶዳ ላይ ማፍሰስ እንደማይገባ፣ ለጠንካራ አሲድም ደንቡ ይኸው እንደሆነ ስድስተኛው መላሽ ከሥር ጨምሮበታል።

መልስ 8

ስምንተኛው ተሳታፊ ወደ ታሪክ ይወስደናል። ኮስቲክ ሶዳ ከብዙዎቹ ቀድሞ ሕግ የወጣለት ዕቃ እንደሆነ ያስረዳል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕፃናት ስኳር ወይም ወተት መስሎአቸው የሶዳ ውህድ እየጠጡ የምግብ ቧንቧቸው በጠባሳ ሲዘጋ ያከም የነበረው አሜሪካዊው የጉሮሮ ሐኪም ቼቫሊየር ጃክሰን ለዓመታት ተሟግቶ፣ በ1927 በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች መርዝ የሚል ምልክትና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ እንዲለጠፍባቸው የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። በ1970 ደግሞ ሕፃናት በቀላሉ የማይከፍቱት ክዳን የሚጠይቅ ሌላ ሕግ ተከተለ። ተሳታፊው የሚያነሳው ነጥብ ሁለቱም ሕጎች ዕቃውን ከገበያ አለማውጣታቸው ነው፤ ቤት ውስጥ የሚያስፈልግ ስለሆነ መሸጡ ቀጠለ፣ የተለወጠው ማሸጊያው ነው። ክዳኑም ቢሆን ሕፃን የሚያዘገይ እንጂ የሚከለክል አይደለም፤ የክዳኑ መፈተሻ ደንብ ራሱ ጥቂት ሕፃናት እንደሚከፍቱት ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው።

መልስ 9 እና 10

እዚህ ላይ ውይይቱ መንገድ ስቷል። ዘጠነኛው መላሽ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ሰው ከተፈጥሮ ስለራቀ እንደሆነ፣ ቤቱን በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ የሚያጸዳ ሰው ምንም እንደማይነካው ጽፏል። አሥረኛው ትዕግሥቱ ያለቀ ይመስላል። እስካሁን ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ የሚበረታው የቦቱሊዝም መርዝ በተፈጥሮ ባክቴሪያ የሚመረት መሆኑን ካነሳ በኋላ፣ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ ሲቀላቀሉ እርስ በርስ ተራክሰው ከአረፋው በኋላ የሚቀረው ሶዲየም አሲቴት ያለበት ውሃ ስለሆነ ጽዳቱን የሚያከናውነው የሰውየው ጉልበት እንጂ ውህዱ አይደለም ሲል ያፌዛል። ነገሩ እውነት ነው፤ ፌዙ ግን አያስፈልግም ነበር፤ ዘጠነኛው መላሽ ከዚህ በኋላ አልተመለሰም። ለብቻው የተወሰደ ኮምጣጤ ከብዙ ማጽጃ የተሻለ ምርጫ እንደሆነ የሚነግረው ሰውም አላገኘም።

መልስ 11፣ 12 እና 13

አሥራ አንደኛው ተሳታፊ የሜርኩሪውን ጉዳይ አንስቶ፣ የሙቀት መለኪያ ነክሶ ስለሰበረ ልጅ ሰፊ ስጋት ይገልጻል። አራተኛዋ ጸሐፊ ተመልሳ ሲዋጥ የሜርኩሪው ፈሳሽ ብረት ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ እንደሆነ፣ በዚህ ጊዜ ይበልጥ የሚያሳስበው የመስታወቱ ስባሪ ሊሆን እንደሚችል፣ ሜርኩሪው የሚያስፈራው ወለል ላይ ተበትኖ ሲተንና ትነቱ ሲተነፈስ መሆኑን ታስረዳለች። በመጥረጊያ መጥረግ ወይም በኤሌክትሪክ መጥረጊያ መሳብ ጠብታውን ሰባብሮ ትነቱን ያበዛዋል፤ መስኮት ከፍቶ፣ ሰው አስወጥቶ፣ ጠብታዎቹን በጠንካራ ወረቀት ሰብስቦ በሚታሸግ ዕቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የሜርኩሪን አጠቃቀም ስለሚገድበው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት፣ በ2021 በዓለም ዙሪያ ስላበቃው የእርሳስ ቤንዚን፣ ስለ ቀለም ወዘተ ጥቂት ከተባለ በኋላ አወያዩ በመልስ 13 ገብቶ ወደ ጥያቄው እንመለስ ብሏል። በዝርዝሩ ሁለተኛ የነበረው ሜርኩሪ በዚህ መሐል ወደ ታች መውረዱን ያስተዋለ አልነበረም።

መልስ 14 እና 15

አሥራ አራተኛው ገጠመኝ በረኪናን ይመለከታል። ሴትየዋ የሽንት ቤቱን መቀመጫ በበረኪና ሞልታ ካቆየች በኋላ ቢጫው ቆሻሻ አልለቅ ሲላት የካልክ (ከውሃ የሚቀር የኖራ ቅርፊት) ማስለቀቂያ አሲድ ጨመረችበት። ሽታው ወደ ሌላው ክፍል እንዳይገባ ብላ በሩን ዘግታ ነበር። ውህዱ መፍላት እንደጀመረ ዓይኗ አነባ፣ ደረቷ ተጨበጠ፣ ሳል ያዛት፤ ቢሆንም መቀመጫውን ሳልፈገፍግ አልወጣም ብላ ጎንበስ እንዳለች ጥቂት ቆየች። ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ የሚጠራቀመው ከታች፣ ጎንበስ ያለ ሰው አፍንጫ አጠገብ ነው። ከወጣች በኋላ የተሻላት መሰላት፤ ማታ ግን ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ዘንድ ተወስዳ አደረች። ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ስለሆነ ለጊዜው ማገገም ዋስትና እንደማይሆን የተነገራት እዚያ ነው።

አሥራ አምስተኛው መላሽ በጥሞና ሁለት ነገር ያርማል። አንደኛ፣ አደጋው ከጠንካራ አሲድ ጋር ብቻ አይደለም፤ በረኪና ከኮምጣጤም ጋር ክሎሪን ይለቃል፣ ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ክሎራሚን የተባሉ ሌሎች ጎጂ ጋዞችን ይፈጥራል፤ አንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች አሞኒያ ያለባቸው ሲሆን ሽንትም ቢሆን ሊያመነጨው ይችላል። ሁለተኛ፣ የቤት በረኪና ለብቻው ሲታይ ጠያቂው እንደሰጠው ሦስተኛ ደረጃ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 8 ከመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የያዘ ስለሆነ በስህተት የተጎነጨ ሰው አፉንና ጉሮሮውን ቢያቃጥለውም እንደ ኮስቲክ ሶዳው ቧንቧ አይበሳም። በሚያዝያ 1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ በጦር መሣሪያነት የተለቀቀው ጋዝ ከሁለት ተራ ጠርሙሶች ሊወጣ መቻሉ ግን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አይታይም፤ ዝርዝር ዕቃን አንድ በአንድ እንጂ ጥንድ ጥንድ አድርጎ አይጽፍምና። ይህን ሐሳብ ከክሩ ውስጥ ይዤ ከወጣኋቸው እንደ አንዱ እቆጥረዋለሁ።

መልስ 16፣ 17 እና 18

ቃሉ የከረረው እዚህ ነው። አሥራ ስድስተኛው ተሳታፊ ነጭ ጋዝ በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ሳለ ጠምቶት የመጣ የዘመድ ልጅ አንስቶ እንደተጎነጨለት ይተርካል። ጋዙ የጠራ ነው፤ ጠርሙሱም ልጁ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣበት ዓይነት ነው፤ ልጁ ጠረኑ ሳይሰማው ቀርቶ አልነበረም፣ ጠርሙሱን አምኖ ነው እንጂ። አሥራ ሰባተኛው መላሽ ወዲያውኑ በወተት ወይም በጨው ውሃ ማስመለስ ነበር የሚል ምክር ሰነዘረ፤ ስድብ ቀረሽ መልስ የመጣበትም ለዚህ ነው። አሥራ ስምንተኛው ጸሐፊ እንዲህ ያለ ምክር ሰው እንደሚገድል በግልጽ ጽፎ፣ ነጭ ጋዝ ሆድ ውስጥ ሲገባ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ቀጭን ስለሆነ በትንታ ወደ ሳንባ ሲንሸራተት የሚያደርሰው እንደሚብስ፣ ማስመለስ ደግሞ ለዚህ ሁለተኛ ዕድል መስጠት እንደሆነ አስረድቷል። አካልን የሚበላ አሲድ ወይም አልካሊ የዋጠንም ማስመለስ የተቃጠለውን ቧንቧ እንደገና ማቃጠል ነው። የሚሻለው አፍን አጉመጥምጦ፣ ጠርሙሱን ይዞ በፍጥነት ወደ ሕክምና መሄድ ነው፤ ሐኪሙ ምን እንደተዋጠ የሚያውቀው ከጠርሙሱ ነውና። አወያዩ ጥቂት ቃላት ከመልሱ ላይ ቢሰርዝም ፍሬ ነገሩን ትቶለታል፤ ደግ አድርጓል።

አሥራ ስድስተኛው ተሳታፊ ተመልሶ ልጁ በሳንባ ምች ቢታመምም መዳኑን አስታውቋል።

መልስ 19

ለሁለተኛው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሰጠው ይህ ብቻ ነው፤ እንዲህ ዘግይቶ መምጣቱ ይገርማል። ጸሐፊዋ ደንብ አውጪዎቹ ኬሚስትሪ አያውቁም የሚለውን ክስ አንስታ፣ እነሱ የጠየቁት ጥያቄ ጠያቂው ከጠየቀው የተለየ ስለሆነ መልሱም መለየቱ አይቀርም ትላለች። በአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2021 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ከ15 ከመቶ በላይ ሰልፈሪክ አሲድን፣ ከ12 ከመቶ በላይ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን ያለ ፈቃድ ለግለሰብ መሸጥን የከለከለው በቤት ውስጥ ብዙ አደጋ ስላደረሱ አይደለም፤ ሆን ብለው ለጥፋት የሚፈልጓቸው ሰዎች ስላሉ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ የሚመዝነው የተንኮልን ዕድል እንጂ የስህተትን ዕድል አይደለም። ኮስቲክ ሶዳ የስህተት ዕቃ ስለሆነ ማሸጊያውና ምልክቱ ተለወጠ፤ ጠንካራው አሲድ የተንኮል ዕቃ ሊሆን ስለሚችል ገዢው ተለየ።

በሁለቱ መካከል ያለው ፓራሲታሞል ነው። ብሪታንያ በ1998 ክኒኑን ሳትከለክል በአንድ ፓኬት የሚሸጠውን በፋርማሲ 32፣ በሌላ መደብር 16 ፍሬ ላይ ገደበችው፤ እጅ ላይ የሚገኘው ብዛት ራሱ አደጋ እንደሚሆን በመቀበል። ጸሐፊዋ ከዚህ ተነስታ መገኘት ከአደጋ ውጭ የቆመ ሌላ ሚዛን ሳይሆን የአደጋው አንድ ክፍል ነው ስትል ትደመድማለች። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ መደርደሪያ ላይ የሌለው ሰልፈሪክ አሲድ ዓይኑን የሚያጠፋው ሰው የለም፤ በየቤቱ ያለው ኮስቲክ ሶዳ ግን ብዙ ሰው አግኝቷል። አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል፦ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በየትኛውም መደብር አይሸጥም፣ ሽታም የለውም፣ ከኦክስጅን 200 እጥፍ በሚበልጥ ጥብቀት የደምን ሄሞግሎቢን ይይዛል፤ ለእሱ የሚወጣ የሽያጭ ደንብ አይኖርም።

መልስ 20 እና 21

ጠያቂው በመልስ 20 ተመልሶ ዝርዝሩን አድሷል። በዚህ ጊዜ ቁጥር አልሰጣቸውም፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ጥንካሬውን፣ በምን በኩል እንደሚጎዳና ከምን ጋር መገናኘት እንደሌለበት ጽፎ፣ ፓራሲታሞልንና ጣፋጭ ጣዕም ያለውን፣ ኩላሊትን የሚያጠፋውን የአንቲፍሪዝ ኤቲሊን ግላይኮል አስገብቷል። ስለ ደንብ አውጪዎቹ የጻፈውን አላነሳም። መጨረሻ ላይ ግን ቤቱ ውስጥ በየጥጉ የተጠራቀሙትን ግማሽ ግማሽ የቀሩ የማጽጃ ጠርሙሶች በአንድ ጀሪካን አጠራቅሞ ክዳኑን ጠርቅሞ ሊጥላቸው እንዳሰበ በኩራት ገልጿል።

ስድስተኛው መላሽ በደቂቃዎች ውስጥ ምላሽ ሰጥቷል፤ ትሕትናውን የተወው በዚህ ብቻ ነው። በረኪናውና የሽንት ቤት አሲዱ ጀሪካኑ ውስጥ ሲገናኙ ክሎሪን እንደሚወጣ፣ ሶዳው ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ እንደሚፈላ፣ የተጠረቀመው ክዳን ደግሞ ጋዙ መውጫ አጥቶ ጀሪካኑን እንዲያፈነዳው እንደሚያደርግ ዘርዝሮ፣ እያንዳንዱ በራሱ ጠርሙስና በራሱ ምልክት እንዲቆይ፣ የሚያልቀው ለታሰበለት ሥራ ውሎ እንዲያልቅ፣ የማይፈለገውም እንደታሸገ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል አካል እንዲሰጥ አሳስቧል። አወያዩ ይህን መልስ ከክሩ አናት ላይ ሰክቶታል።